የባህል ቤት ገበታና ሙስሊሙ እንግዳ



ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን «የባህል ምግብ ቤት» የሚባለው በርክቷል። ክብ ጎጆ ወይም ጎጆ መሰል አዳራሽ ይሠራል፤ ጣራው ሣር ይለብሳል፤ ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ ጦር፣ ሰፌድና ቅል ይሰቀላል፤ ከውስጥ ሞሰቡ በበርጩማ ተከብቦ ይደረደራል። አስተናጋጆቹ ጥበብ ለብሰው ይቆማሉ፤ ሲመሽም ማሲንቆና ክራር የያዙ ይመጣሉ። በአዲስ አበባ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያሉት ስማቸው ከአገር ውጭ ሳይቀር የታወቀ ሲሆን፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በላሊበላም ለአገር ጎብኚ ተብለው የተሠሩ አሉ። አሁን ደግሞ ነገሩ ከጎብኚ አልፎ የቤተሰብ ሆኗል። ልጅ ሲመረቅ፣ ኒካሕ ሲታሰር፣ ከዐረብ አገር የከረመ ዘመድ ሲመጣ፣ ሙስሊም ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን አስከትለው ይገባሉ። ይህ ከሆነ ዘንድ ስለ ቤቱም ስለ ገበታውም ሂስ ማቅረብ ተገቢ ነው።

ምግብ ሸጦ ማደር ሐላል ነው፤ ከፍሎ መብላትም ነውር የለበትም። በአገራችን ግን እንጀራ መሸጥ እንደ ውርደት የሚቆጠርበት ዘመን ነበረ። በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ በአዲስ አበባ የእቴጌ ሆቴል ሲከፈት ሰው ከፍሎ መብላትን ስላፈረ፣ ንጉሡ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው በልተው ከፈሉ እየተባለ ይተረካል። ያ ኀፍረት ዛሬ የለም፤ መቅረቱም መልካም ነው፤ መንገደኛ የሚበላበት ያገኛልና። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። አንድ ምግብ ቤት «እኔ የአባቶችህ ቤት ነኝ» ብሎ ሲጠራን፣ የአባቶችን ቤት ሥርዓት ከየት ድረስ ይዟል?

በወንበርማም ሆነ በቡሬ ገጠር ያለውን ሣር ቤት እንመልከት። ምሰሶ፣ ማገርና ወራጅ አለው። መደቡ የእንግዳና የሽማግሌ ነው። ጓዳው የእመቤቲቱ ነው፤ እንግዳ ወደዚያ ዓይኑን አይወረውርም። ምድጃው ይነድዳል፤ ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ ሣሩን ያጠቁረዋል። ይህ ጭስ ዓይን ያቃጥላል እንጂ ለክዳኑ መድኃኒት ነው፤ ተባዩን ያባርራል፣ ሣሩንም አድርቆ ከመበስበስ ያዘገየዋል። በከተማው ጎጆ ምግቡ ከጓሮ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ስለሚበስል ክዳኑ ጭስ አያገኝም፤ ስለዚህም ቶሎ ይሻግታል፤ ባለቤቱም ከሥሩ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ያነጥፍለታል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ምሰሶ የሚመስለውም አንዳንዴ ብረት ነው። በዚህ አልከስሳቸውም፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ያየ ሰው ጭስ ይመለስ አይልም። የጎደለው ከጭሱ በላይ ያለ ነገር ነው።

በጎጃም ገጠር ሙስሊሙ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ርስት አይሰጠውም ነበርና አብዛኛው በንግድና በሽመና ኖሯል። «ነጋዴ» የሚለው ቃል በብዙ ቦታ የሙስሊም መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የመጣው ቡና በባሶ ገበያ አልፎ ወደ ጎንደር ሲጓዝ፣ በቅሎውን ከሚነዱት መካከል ጀበርቲዎች ይገኙ ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ግን ክርስቲያኑ ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱን ሳይጠራ አይቀርም። ጠርቶም እንዲሁ አይተወውም። በግ ወይም ፍየል ከነነፍሱ ይሰጠዋል። ሙስሊሙ ራሱ ያርዳል፤ ድስቱ ለብቻ፣ ቢላዋው ለብቻ፣ ሌማቱ ለብቻ ይሆናል፤ ዳስ ይለይለታል ወይም የአንድ ሙስሊም ቤት ይያዝለታል። ለሌላው ጠላ ሲቀዳ ለእርሱ ብርዝ ይቀርብለታል። ሙስሊሙም በተራው ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱም ስለ ሃይማኖት ሳይከራከሩ፣ አንዱ ለአንዱ ሲያፍርለት፣ ሁሉም በልቶ ይገባል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት፤ የኪታብ ባለቤቶች ምግብ ነገር በሱረቱ አል-ማኢዳ የመጣ ስለሆነ ዑለማዎች በሰፊው ተናግረውበታል። ይህ ጽሑፍ ወደዚያ ብያኔ አይገባም። በኢትዮጵያ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ ብቻ መብላቱ ሥር የሰደደ ልማድ ነው፤ ደጋሹም ይህን አውቆ ያስተናግዳል። የእኔ ነገር ከደጋሹ ጋር ነው። ፊደል ያልቆጠረ የገጠር ደጋሽ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ «ባህል» የሚል ቃል በትልቅ ሰሌዳ ጽፎ የሰቀለው የከተማ ደጋሽ ምን ያህል ይጠነቀቃል?

ስሙን በማልጠራው አንድ የአዲስ አበባ ባህል ቤት ለዘመድ ልጅ ምርቃት ተጋብዘን ነበር። ሴቶችም ሕፃናትም ነበሩ። የምግብ ዝርዝሩ ወፍራም ነው፤ ክትፎ፣ ጥብስ፣ ዶሮ ወጥ፣ ዱለት፣ ከኋላም የጾም በያይነቱ። ከመካከላችን አንዱ አስተናጋጁን «ሥጋው እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ጋሼ አይስጉ፣ ዛሬ ጠዋት የመጣ ነው» አለ። ስለ ትኩስነቱ የተጠየቀ መስሎት ነበር። ጥያቄው ሲብራራለት ደንግጦ ወደ ውስጥ ገባ፤ ተመልሶም በትሕትና «በያይነቱ ጥሩ ነው» አለን። ልጁ ጥፋት የለበትም። የዚያን ቀን ግን ስንት ባህል ቤት ገብተን ስንት ጊዜ በያይነቱ እንደበላን ተቆጣጥረን ሳቅን። መቼም እኛ ሙስሊሞች በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ዘንድ የረቡዕና የዓርብ ደንበኞች ነን፤ ከኦርቶዶክሱ ይልቅ የጾም ምግብ የምናዘወትር ሳንሆን አንቀርም።

ሽሮውና ምስሩ ግን የሚመሰገን ነበር። በርበሬው ተንጥቶ ያልተቃጠለ፣ ጎመኑ በዘይት ያልሰጠመ፣ እንጀራው ዓይኑ የበዛ። ያማረን ምግብ ማመስገን ተገቢ ነው፤ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ቢወዱት እንደሚበሉ ካልወደዱትም እንደሚተዉት ተዘግቧል። ሁላችን ከአንድ ሞሰብ ዙሪያ መቀመጣችንም ከሱና ጋር የሚስማማ ነው። ጠረጴዛና ሹካ የለመዱ የከተማ ልጆቻችን ቢያንስ በዚያ ምሽት በቀኝ እጃቸው፣ ከፊታቸው ካለው ቆርሰው በሉ። ይህን ለማስተማር በቤት ስንት እንደክማለን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። አስተናጋጇ ባህል ነው ብላ ለማታውቀው ወንድ ሁሉ ጉርሻ ልታጎርስ ትዞራለች። ጉርሻ የእናት ለልጅ፣ የሚስት ለባል፣ የወዳጅ ለወዳጅ ነው። በገጠሩ ቤት አንዲት ወጣት ለእንግዳ ወንድ ስታጎርስ ያየ ሰው የለም፤ ቢያይም ባህል ነው አይልም። በቤት ወጣቷ የምታደርገው በኩስኩስት ውኃ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከታላቅ ጀምራ እጅ ማስታጠብ ነው። ይህ ደግሞ በዚያ ቤት አልነበረም፤ እጅ የምንታጠበው ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ካለው ቧንቧ ነበር። የቀረውን ትተው ያልነበረውን ጨመሩ ማለት ነው።

ጠጁም አለ። ከጎናችን ያሉት ሰዎች ገበታ በብርሌ ተሞልቷል። አስካሪ መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጥን የሚከለክል ሐዲስ እንዳለ ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ፤ እኛ ደግሞ ወስደን እዚያው እናስቀምጣቸዋለን። የራሳችን ገበታ ንጹሕ ነው ብለን ብንመልስ እንኳ፣ ሕፃን ልጅ በሁለት ክንድ ርቀት ያለውን ገበታ እንደ ሌላ ማዕድ አይቆጥረውም። ባለቤቶቹ ብርዝ ቢያቀርቡ ምን ነበር? ብርዝ ከማርና ከውኃ የሚበጠበጥ፣ ጌሾ የማይገባበት፣ ሳይቆይ የሚጠጣ የአገራችን መጠጥ ነው፤ ከከረመ ጠባዩን ስለሚለውጥ የዕለቱ የዕለት መሆን አለበት። በዚያ ዝርዝር ላይ ኮካ ኮላ ነበረ፤ ብርዝ አልነበረም። የውጭውን ለስላሳ ያወቀ የባህል ቤት የጎረቤትን መጠጥ ዘነጋ።

ጭፈራው ሲጀመር የጎጃም እስክስታ ቀረበ፤ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው ተከተለ። በመጨረሻም የሐረሪ ተራ ደረሰና ሴቶች ሻሽና የሐር ልብስ ለብሰው ወጡ። በዚያ ቤት በዚያ ሌሊት የሙስሊም ነገር የታየው በዚህች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ምግባችን የለም፣ እርዳችን የለም፣ የምንሰግድበት የለም፤ ጭፈራችን ግን አለ። ከመካከላችን አንድ የስምንት ዓመት ልጅ መግሪብ ደርሶ ነበርና «አባ፣ የዚህ ቤት ቂብላ በየት ነው?» አለ። ክብ ቤት ማዕዘን የለውም፣ መስኮቱም በጋሻ ተሸፍኗል፤ አባትየው ወጥቶ ከመኪና ማቆሚያው ላይ አቅጣጫውን ፈለገ። በገጠር ሙስሊም ቤት ይህ አይጠየቅም። መደቡ ላይ የተነጠፈው ቁርበት ወዴት እንደሚያይ የገባ ሁሉ ያውቃል።

የዚህ ጥያቄ ክብደት ከአንድ ሶላት ያለፈ ነው። ልጅ ባህል የሚባለውን የሚማረው ከመጽሐፍ ይልቅ እንዲህ ካለ ቤት ነው። በዚህ ቤት «የኢትዮጵያ ባህል» ተብሎ የቀረበለት ነገር ሁሉ ለእርሱ የማይሆን ከሆነ፣ ወይ ሃይማኖቴ ከአገሬ ጋር አይገጥምም ይላል፣ ወይ አገሬ የሌላ ሰው ነው ይላል። ሁለቱም ውሸት ናቸው፤ ውሸቱን ግን ለማፍረስ ከባድ ነው፤ ከጣፈጠ ምሳ ጋር ገብቷልና።

እዚህ ላይ ሐረርን ማንሳት ግድ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የጁገል ከተማ የራሷ ቤት አላት፤ ጌይ ጋር ይሉታል። ከውጭ ሲታይ ተራ የድንጋይ ቅጥር ነው። ሲገቡበት ግን ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፈለ ነው። መደቡን ነደባ ይሉታል፤ እያንዳንዱም ስምና ማዕረግ አለው። አሚር ነደባ የቤቱ አውራ ነው፤ ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው፤ ጢት ነደባ ትንሹ ነው፤ ሱትሪ ነደባ ከገባ ሰው ዓይን ከለል ያለው ነው፤ ስሙም ሲትር የሚለውን የዐረብኛ ቃል ያስታውሰናል። ግድግዳው በሴቶች እጅ በተሠራ ስፌትና በሸክላ ሳሕን ያጌጠ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ለኪታብና ለዕቃ የተተዉ መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች አሉ። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል።

በዚያች ከተማ ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ ማሳደሪያ ሆነዋል፤ ቁርስና ምግብም ይቀርብባቸዋል። ከከተማው ባህል ቤት የሚለያቸው ባለቤቶቹ እዚያው መኖራቸው ነው። እንግዳው ጫማውን ከበር ያወልቃል፤ የት እንደሚቀመጥ እመቤቲቱ ታሳየዋለች፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰግድ ሰው አለ። ጠጅ የሚፈልግ እንግዳ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እንግዲህ ገንዘብ መቀበልና ሥርዓት መጠበቅ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። ሆኖም እዚያም ቢሆን የምፈራው ነገር አለ። ሱትሪ ነደባ ለመከለል የተሠራ ነው። ፎቶ አንሺ በየቀኑ የሚገባበት ቤት ልጆቹ ዓይነ ሰፊ መሆናቸው አይቀርም።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት ጆግሎ የሚባል የጥንት ቤት አለ። ከመሐሉ አራት ትላልቅ ምሰሶዎች ሶኮ ጉሩ ተብለው ይቆማሉ፤ ጣራው ከእነርሱ ላይ ወደ ላይ ይሾላል፤ ከፊቱ ግድግዳ የሌለው ሰፊ የእንግዳ መቀበያ ፔንዶፖ አለ፤ ቤተሰቡ የሚኖርበት ዳለም ከኋላ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የደማክ መስጊድም በአራት እንዲህ ባሉ ምሰሶዎች የቆመ ነው፤ መስጊዱና ቤቱ የአንድ እጅ ሥራ ይመስላሉ። እነዚህ የጣውላ ቤቶች ያለ ምስማር የተገጣጠሙ ስለሆኑ ተነቅለው ሌላ ቦታ ይተከላሉ። ዛሬ በጆግጃካርታና በጃካርታ ብዙዎቹ ምግብ ቤት ሆነዋል። ሰዎች በምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ሥጋው ሐላል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ሙሾላ የሚሉት ትንሽ መስገጃ በምግብ ቤቶች የተለመደ ነው። የጃቫ ሙስሊም አባት ልጁን የአያቱ ቤት ውስጥ ሲያበላው አንዱን ለማግኘት ሌላውን አይጥልም።

እነርሱም ግን ዋጋ ከፍለዋል። በ1998 ዓ.ም. በጆግጃካርታ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኮታገዴ ከተጎዱት የጥንት ቤቶች መካከል ተነቅለው የተሸጡ አሉ። የከተማው ሀብታም ምግብ ቤቱን ሲያቆም የመንደሩ ቤተሰብ ቤቱን አጣ። ነገሩን ሳስበው በካይሮ አል-አዝሀር የጀበርቲ ተማሪዎችም የጃዋ ተማሪዎችም የየራሳቸው ሪዋቅ እንደነበራቸው ትዝ ይለኛል። አባቶቻችንና አባቶቻቸው በአንድ ግቢ ተምረዋል። የእነርሱ ልጆች የአያቶቻቸውን ምሰሶ ይዘው ቆዩ፤ የእኛ ምግብ ቤቶች ምን እንደያዙ ደግሞ እንመልከት።

በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በባሕር ዳርም «የሙስሊም ምግብ ቤት» ተብሎ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት በር ይገኛል። እርዱ የታመነ ነው፤ ባለቤቱ አላህ ይስጠው። ነገር ግን ክፍሉን እዩት። የፕላስቲክ ወንበር፣ በላስቲክ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ የመካ ሥዕል ያለበት የቻይና ሰዓት፣ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ቴሌቪዥን። ሩዝና ፓስታ ከእንጀራው ይቀድማሉ። ለቤተሰብ የተለየ ቦታ አለ ቢባል መጋረጃ የተንጠለጠለበት ጨለማ ጥግ ነው፤ እናቶች እንደ ጥፋተኛ ግድግዳ ዞረው ይበላሉ። ባህሉን ለጠጅ ቤቱ ትተንለት እኛ ፕላስቲኩን ይዘናል። ሐላልነት የእርዱ ብቻ ሆነ፤ ያማረ ነገርን ከሐላል ጋር ማገናኘት ማን ከለከለን? ሣር ቤቱን የሠሩት፣ ጋቢውን የሸመኑት የእኛም አባቶች ናቸው። ሌማቱን የሰፉት የእኛም እናቶች ናቸው። ጋሻና ጦር ብቻ ለምን ይሰቀላል? የሸማኔው መወርወሪያስ? የነጋዴው ኮርቻስ? ኪታብ የሚቀራበት ሎሕስ?

ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) እንግዶች ሲመጡባቸው ምን ልስጣችሁ ብለው እንዳልጠየቁ፣ ቀስ ብለው ወደ ቤተሰባቸው ገብተው የተጠበሰ ጥጃ ይዘው እንደወጡ፣ ከፊታቸውም እንዳቀረቡት በቁርኣን ተነግሮናል። ምግብ ቤት ዋጋ ሳይጽፍ ሊያስተናግድ አይችልም፤ ያንን አልጠይቅም። ነገር ግን እንግዳ ምን እንደማይበላ አስቀድሞ ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም። በሱረቱ አል-አሕዛብም የተጋባዡ ሥርዓት አለ፤ ተጋባዥ ሳይፈቀድለት እንዳይገባ፣ ከበላም በኋላ ወሬ እያጫወተ እንዳይዘገይ፤ ይህም የወረደው የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ.) ጋር በተጋቡበት ድግስ ምክንያት ነው። ስለዚህ እኛም በባህል ቤት ሦስት ሰዓት ተቀምጠን የማንበላውን ስናማ ማምሸት አይገባንም። ካልተመቸን በጨዋ ደንብ ለባለቤቱ ነግረን መውጣት ነው። ባለቤቶቹ ነጋዴ ናቸው፤ አሥር ሙስሊም ቤተሰብ ተራ በተራ «የተለየ ማብሰያና የሙስሊም እርድ ቢኖራችሁ እንመጣለን» ቢላቸው ይሰማሉ። እስከ ዛሬ ዝም ብለን በያይነቱ ስላዘዝን ጉዳዩን ያወቀ የለም።

ዋጋውንም ልርሳው አልፈልግም። የአንድ ምሽት የባህል ቤት ሒሳብ ለአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኢስራፍ በጎጆ ጣራ ሥር ስለሆነ ኢስራፍነቱ አይቀርም። በዚያው ገንዘብ በግ ገዝቶ በቤት አርዶ፣ ክርስቲያኑን ጎረቤት በልማዱ አስተናግዶ፣ ልጆቹን እጅ አስታጥቡ ማለት ይቻላል።

የሙስሊም ባህል ቤት ልክፈት የሚል ወንድም ቢገኝ ደግሞ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገረው። በሽንዲ ዙሪያ ሣር ቤት ቀንሶ ቆርቆሮ በርክቷል፤ ክዳን የሚችሉት ሰዎች ሸምግለዋል፤ ልጆቻቸውም ሙያውን አልያዙትም። የክዳን ሣር የሚታጨደው ክረምቱ አልፎ ሲደርቅ ነው፤ የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ ስለሆነ እንደ ድሮው በየሜዳው አይገኝም፤ አስቀድሞ ከገበሬ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ምድጃውንም ከመሐል ባያደርገው እንኳ፣ ቡናው የሚፈላበትን ከሰል በየቀኑ ከውስጥ ቢያነድድ፣ ጭሱ ትንሽም ቢሆን ለሣሩ ይጠቅመዋል።